ከሞያሌ ወደ በረዶው ተራራ፤ የመመለሻ ሰዓት ያለው ጉዞ

ካኩማ ያላችሁ፣ ዳዳብ ያላችሁ፣ ሙቀቱና አቧራው እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ ከወደ ሞያሌ የምንልክላችሁ ጽሑፍ ስለ በረዶ ነው። «ሞያሌንና በረዶን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ እንደምትስቁ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ሞያሌ ከተማ ውስጥ በረዶ የሚገኘው ለስላሳ መሸጫ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ እሱም መብራት ካልጠፋ። ነገር ግን ከኬንያው ሞያሌ ተነስቶ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት የተጓዘ ሰው፣ ናንዩኪ ከተማ ላይ ቆሞ ቀና ሲል፣ ጠዋት ደመና ካልጋረደው በስተቀር በአፍሪካ በከፍታ ሁለተኛ የሆነውን የኬንያ ተራራን ያያል። ከፍታው 5,199 ሜትር ነው። ከእኛው ራስ ዳሸን በ650 ሜትር ገደማ ይበልጣል። አናቱ ላይ በረዶ አለ።

እዚህ ሞያሌ አራት ወጣቶች ከሚቀጥለው የበልግ ዝናብ በፊት በአንዱ ሸለቆ ገብተው ይህን ተራራ ለመውጣት እቅድ ይዘዋል። ሁለቱ የኬንያ መታወቂያ ያላቸው የሞያሌ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቡርጂ፣ አንዱ ቦረና። ሁለቱ ደግሞ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ፣ በፓስፖርት የሚሻገሩ ናቸው። ገና አልሄዱም። በየማታው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ወረቀት ላይ ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ ሲከራከሩ እናያቸዋለን። ታዲያ እኛም ወረቀታቸውን አየነውና ለእናንተ ይጠቅማል አልን። ለምን ቢባል፣ እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ ስለ ጉዞ እናወራለን፤ ጉዞን ቁጭ ብሎ ማቀድ ግን ሌላ ነገር ነው።

በረዶ ለእኛ እንግዳ ነውን?

በአማርኛችን በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ሌሊት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን ደግሞ ውርጭ ወይም አመዳይ እንለዋለን። ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን አይረሳም፤ ገብሱን ስንት ጊዜ አቃጥሎበታል!

ስለ አገራችን በረዷማ ተራራ የተጻፈ ጥንታዊ ነገርም አለ። በቀይ ባሕር ዳርቻ አዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ነበረ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አይቶ ገልብጦታል። ንጉሡ ያስገበራቸውን አገሮች ሲቆጥር የስሜንን ሰዎች ይጠቅሳል፤ ተራራቸው ለመድረስ የሚያስቸግርና በረዶ የለበሰ መሆኑንም ይናገራል።

የኬንያን ተራራ ለአውሮፓ ያወራው ሰውም የመጣው ከእኛው አገር በኩል ነው። ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በመጀመሪያ አንኮበር፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ ኖሯል። ወደ ሸዋ እንዳይመለስ በተከለከለ ጊዜ ወደ ሞምባሳ ወረደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1849 ከኪቱይ በኩል ሆኖ ተራራውን ከሩቅ አየና ጻፈ። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን «በምድር ወገብ ላይ በረዶ? አይሆንም!» ብለው ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። ኪኩዩዎቹ ግን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር፤ ኪሪንያጋ ይሉታል፣ የፈጣሪ ማደሪያ ነው ብለውም ያከብሩታል። ዋናውን ጫፍ ባትያንን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደወጡ የተመዘገቡት እንግሊዛዊው ማኪንደርና ሁለት የአልፕስ መሪዎቹ ናቸው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1899 ነው።

መንገዱ

ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት። በኢትዮጵያ በኩል መኪናው በቀኝ ይነዳል፣ መስመሩን ሲሻገር በግራ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2020 የሁለቱ አገር መሪዎች በአንድ ላይ የከፈቱት የጋራ መቆጣጠሪያ ኬላ አለ፤ ሰነድ ያለው ሰው በዚያ ያልፋል። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊ ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው።

ከእናንተ መካከል እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በዚች ከተማ ተሻግራችሁ፣ ዋልዳ ካምፕ ቆይታችሁ፣ ኋላ ወደ ካኩማ የተወሰዳችሁ አላችሁ። እናንተ የምታስታውሱት መንገድ ሌላ ነበር። ያን ጊዜ ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ የሚወርደው መንገድ ድንጋይና ጭቃ ነው። ሰው ከከብቱ በላይ፣ በጭነት መኪና ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሁለትና ሦስት ቀን ይሄዳል፤ ሽፍታ ስለሚፈራም መኪኖች በአጀብ ነበር የሚነሱት። ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ሆኗል። ሥራው በየክፍሉ እየተሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ገደማ ተጠናቀቀ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ከ500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አውቶቡስ በአንድ ቀን ይገባል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ሞያሌ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ሶሎሎ መገንጠያ፣ ወደ ቱርቢ ይወረዳል፤ ቀጥሎ ዲዳ ገልጋሉ ይመጣል። ዲዳ ገልጋሉን ያላየ ሰው ምድረ በዳ አየሁ አይበል። ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስ፣ አልፎ አልፎ ግመል፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ማርሳቢት ድንገት ከበረሃው መሃል ደን ለብሳ ትነሳለች፤ ጠዋት ጉም አለ፣ ሰዉ ጃኬት ይለብሳል። ከማርሳቢት ወደ ላይሳሚስ፣ ወደ መሪሌ፣ ወደ አርቸርስ ፖስት እንደገና ሙቀት ነው። የኢዋሶ ንይሮን ወንዝ ተሻግሮ ኢሲዮሎ ይገባል። ከኢሲዮሎ በኋላ መኪናው ማቃሰት ይጀምራል፤ ዳገቱ ወደ ቲማው ያወጣል። ስንዴና ገብስ፣ ነፋሻ ሜዳ፣ ብርድ! ደጋ የናፈቀው ሐበሻ መስኮቱን ከፍቶ አየሩን የሚስበው እዚህ ጋ ነው። ከቲማው ወረድ ሲል ናንዩኪ ነው፤ የምድር ወገብ መስመር ከከተማዋ እግር ስር ያልፋል።

ከአዲስ አበባ የመጣ እስረኛ

አሁን ወደ አንድ ታሪክ እንግባ፤ የአራቱም ልጆች እቅድ የተነሳው ከዚህ ታሪክ ነውና።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞያሌ የጦር ግንባር ነበረች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1940 ጣሊያኖች ከኢትዮጵያ በኩል መጥተው የእንግሊዙን ሞያሌ ያዙ። በ1941 መጀመሪያ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ እንግሊዞች ሞያሌን መልሰው ያዙ፣ በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ገቡ፣ በግንቦት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። በአዲስ አበባ ከተማረኩት የጣሊያን ሹማምንት አንዱ ፌሊቼ ቤኑዚ የሚባል ሰው ነበር። በወረራው መንግሥት ውስጥ በ1938 ተሹሞ የመጣ ሰው ነው። አባቶቻችን ያንን መንግሥት በደማቸው የታገሉት ስለሆነ ሹመቱን አናመሰግንለትም። የሚያስተምረን ግን ከተማረከ በኋላ የሠራው ሥራ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሰው ኬንያ አምጥተው ናንዩኪ አጠገብ 354 ቁጥር በተባለው የእስረኞች ካምፕ አስገቡት። አጥር፣ ጥበቃ፣ ሰልፍ፣ ራሽን። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ይህ ኑሮ ለእናንተ መግለጫ አያስፈልገውም። አንድ ቀን ደመናው ሲገለጥ ቤኑዚ ተራራውን አየው። ከዚያ በኋላ ልቡ እዚያ ቀረ።

ወራት ፈጅቶ አቀደ። ጓደኛም መረጠ፤ አንዱ ባሌቶ የሚባል ተራራ የሚያውቅ ሐኪም ነው፣ ሌላው ባርሶቲ የሚባል ተራራ ወጥቶ የማያውቅ ሰው። መሣሪያ ከየት ይምጣ? መዶሻን ቀጥቅጠው የበረዶ መጥረቢያ አደረጉት። ከተጣለ ብረት ከጫማ ስር የሚታሰር ሹል ጥርስ ሠሩ። ከአልጋ መረብ የተፈታ የቃጫ ገመድ አዘጋጁ። ከብርድ ልብስ ልብስ ሰፉ። ከየዕለቱ ራሽን ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ስንቅ አጠራቀሙ። ካርታ ግን የለም! ያገኙት አንድ የቆርቆሮ ሥጋ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ የተራራው ሥዕል አለበት። በዚያች ሥዕል መንገድ መረጡ።

ጥር 16 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24 ቀን 1943፣ ከካምፑ አመለጡ። ያመለጡት ግን አገራቸው ሊገቡ አይደለም። ተራራውን ወጥተው ሊመለሱ ነው! በጫካው ውስጥ ወንዙን ይዘው፣ ዝሆንና አውራሪስ እየፈሩ ወጡ። ባርሶቲ ስለታመመ ከታች ድንኳናቸው ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ዋናውን ጫፍ ባትያንን ሞከሩት፤ ገደሉ ከባድ ሆነ፣ የበረዶ ውሽንፍር መጣ፣ ስንቁም እያለቀ ነው። ያን ጊዜ ተመለሱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ ሦስተኛውን ጫፍ ሌናናን፣ 4,985 ሜትሩን፣ ወጥተው ባንዲራቸውን ተከሉ። ከዚያ በራብ ተጎሳቁለው ወርደው ራሳቸው ወደ ካምፑ ገቡ። 28 ቀን የጨለማ ቤት ተፈረደባቸው፤ አዛዡ ግን ድፍረታቸውን አይቶ ሰባት ቀን ብቻ አሰራቸው። ቤኑዚ ኋላ ታሪኩን በመጽሐፍ ጽፎታል፤ በጣሊያንኛ በ1947፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ1952 ታትሟል።

እዚያው ሌናና ላይ ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ባንዲራ ተተክሏል። ታኅሣሥ 1963 ኬንያ ነፃ በወጣችበት ሌሊት ኪሶይ ሙንያኦ የሚባል ኬንያዊ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ወጥቶ ሰቀለው። ኬንያውያን እስከ ዛሬ ስሙን ያነሳሉ።

የአራቱ ልጆች ወረቀት

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ወረቀታቸው ላይ ስድስት ነገር ተጽፏል። በየተራ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጊዜው። የኬንያ ተራራ ሁለት ደረቅ ወቅት አለው፤ ከጥር እስከ የካቲት አጋማሽ አካባቢ፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ትልቁ ዝናብ በመጋቢት ይጀምራል። ስለዚህ ልጆቹ የመረጡት የጥር መጨረሻን ነው፤ እነ ቤኑዚም የወጡት በዚያው ሰሞን ነበር። በተራራው ላይ ጠዋት ይጠራል፣ ከቀትር በፊት ወይም በኋላ ደመና ይመጣል። እንግዲህ የተራራ ሥራ የጠዋት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። በምሥራቅ በኩል ጎርጅስ የሚባለው ጥልቅ ገደላማ ሸለቆ አለ፤ ከቾጎሪያ ከተማ ይገባል፣ ውስጡ ማይክልሰን የሚባል ሐይቅ አለው፣ ከሁሉ ያምራል ይባላል። ልጆቹ ግን ለናንዩኪ የሚቀርበውን፣ በሲሪሞን በር የሚገባውን የማኪንደር ሸለቆ መርጠዋል። በሩ 2,650 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው ማደሪያ ኦልድ ሞሰስ 3,300 ሜትር፣ ሸለቆው አናት ላይ ያለው የሺፕተን ማደሪያ 4,200 ሜትር። ከዚያ ሌናና ድረስ በእግር ይወጣል፤ ገመድ አይፈልግም። ባትያንና ኔልዮን የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ጫፎች ግን ገመድና ትምህርት ላለው ሰው ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ አልመኟቸውም።

ሸለቆው ውስጥ ለሐበሻ የሚያስገርም ነገር አለ። ከታች በደኑ ኮሶ ይበቅላል፤ የሳይንስ ስሙ ራሱ በሐበሻ የተጠራ፣ የእኛው ኮሶ። ከፍ ሲባል አስታ ይመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ የጅብራ ዘመድ የሆነ ተክል እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ስሜን ወይም ባሌ የሄደ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ድንጋዩ መሃል ሽኮኮ ይርመሰመሳል። ጠዋት ጠዋት ኩሬው ላይ ስስ በረዶ ረግቶ ይገኛል፤ ወፍራሙ በረዶ ከላይ፣ በጫፎቹ ጎን ነው። አገሩን ላጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከፍታው። ይህን በደንብ አንብቡት፤ ሰው የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። ካኩማ 600 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞያሌ 1,100 ነው። «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምኔ ነው?» የሚል አይጠፋም። ቆላ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ የደጋውን ልማድ ይረሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚታደርበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል፤ ማደሪያው ካልተመቸ ደግሞ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር። ስለዚህ ልጆቹ ናንዩኪ አንድ ሙሉ ቀን፣ ኦልድ ሞሰስ ሁለት ሌሊት፣ ሺፕተን ሁለት ሌሊት ሊያድሩ ጽፈዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ጥላቻ ከመጣ ወደ ላይ መሄድ ክልክል ነው። ቁጭ ብሎ ሳለ የሚያፍነው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ የሚዘባርቅ ሰው ካለ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

አራተኛ፣ ልብስ። በየ1,000 ሜትሩ ብርዱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ከሞያሌ እስከ ሌናና ወደ 3,900 ሜትር ነው፤ ወደ 25 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ሞያሌ ቀትር ላይ 30 ከሆነ እዚያ 5 ነው፤ ሌሊቱን እናንተው አስቡት። ልጆቹ ከሞያሌ ሰልባጅ ገበያ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ጓንት፣ የጆሮ ኮፍያ፣ የዝናብ ጃኬት እየለቀሙ ነው። ጥጥ ልብስ ላብ ይዞ ያበርዳልና ከስር ሱፍ ይሻላል። ድንኳኑን፣ ወፍራሙን የእንቅልፍ ከረጢትና ጫማ ናንዩኪ ይከራያሉ። ጋቢ ለማደሪያው ይሁን፤ ለመውጫ ግን እርጥብ ሲሆን ይከብዳል።

አምስተኛ፣ ስንቅ። እዚህ ላይ ሐበሻ ከፈረንጅ ይቀድማል። በሶ አለን፣ ጭኮ አለን፣ ቆሎ አለን፣ ዳቦ ቆሎ አለን። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ቀላል ነው። ውኃ አፍልቶ መጠጣት፣ ሻዩን በስኳር ማብዛት። እነ ቤኑዚን ከሁሉ በላይ የጎዳቸው የስንቅ ማነስ ስለነበረ ልጆቹ ከሚያስፈልጋቸው የሁለት ቀን ስንቅ ጨምረው ጽፈዋል።

ስድስተኛ፣ መመለሻው። ከሁሉም ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ይህ ነው። ከሺፕተን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የትም ይሁኑ የት፣ ጫፉ ቢቀር መቶ እርምጃም ቢሆን፣ ዞረው ይወርዳሉ። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ስለሆነ ከመሪያቸው ጋር በዚህ አይሳሳቱም፤ የእኛ ሦስት ሰዓት የእሱም ሦስት ነው። ከመካከላቸው አንዱ «እንመለስ» ካለ ክርክር የለም። የት እንዳሉና መቼ እንደሚመለሱ ሞያሌ ለቤተሰብ፣ በሩ ላይ ለፓርኩ ጠባቂዎች አስመዝግበው ይሄዳሉ። የመግቢያው ክፍያ ለኬንያዊ፣ ለነዋሪና ለውጭ ሰው የተለያየ ስለሆነ አስቀድመው ጠይቀዋል።

«ለምን በዚህ ዓመት ተጣደፋችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው የመለሱልን መልስም አለ። በረዶው እያለቀ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሉዊስ የሚባለው የበረዶ ግግር እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከአሥር እጁ ዘጠኙን አጥቷል። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የኬንያ ተራራ ግግር በረዶ በ2030ዎቹ ሊጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። ተራራው የናንዩኪና የሜሩ ገበሬ የውኃ ምንጭ ነው፤ ጣና ወንዝም ከዚያ ነው የሚመገበው፤ ዳዳብ ባሉበት በጋሪሳ ካውንቲ በኩል የሚያልፈው ጣና። የወንዙ ውኃ ከግግሩ ይልቅ በአብዛኛው ከዝናቡና ከደኑ ነው የሚመጣው፤ የበረዶው መሳሳት ግን የአየሩ መለወጥ ምልክት ነው።

በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ሌሎች

እስቲ አሁን ልብ በሉ። አራቱ ልጆች የሚሄዱበት አስፋልት፣ በሌሊት ሌሎች ልጆች የሚሄዱበት አስፋልት ነው። ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከሌላም ቦታ ተነስተው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ወጣቶች። ከካምፖችም «ፕሮሰሴ አልቋል» እያሉ ተስፋ ቆርጠው የሚቀላቀሏቸው አሉ። የእነሱን ጉዞ የሚያቅደው ደላላ ነው። መኪናው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚታደር፣ ስንቁ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጫን ተጓዡ አያውቅም። ገንዘብ ተከፍሏል፤ ቤት ተሽጧል፤ እናት ወርቋን አውጥታለች። ስለዚህ «እንመለስ» የሚል ቃል በዚያ ጉዞ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ቦታ የአንድ መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 2022 ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ አጠገብ፣ 27 የኢትዮጵያውያን አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚህ ልጆች ሰነፎች ወይም ፈሪዎች አልነበሩም። ድፍረቱማ ከተራራ ወጪው ይበልጣል። ያልነበራቸው ነገር የመመለሻ ሰዓት ነው። ቤኑዚና ጓደኛው ባትያን ላይ ውሽንፍሩ ሲመጣ ዞረው መውረድ ቻሉ፤ ያቀዱት ራሳቸው ስለሆኑ። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሰው ግን በሩ ከውጭ ነው የተቆለፈው።

ይህን ስንል እንደ ጣሊያኖቹ አጥር ዘልላችሁ ጥፉ ማለታችን አይደለም። እነሱ የጦር እስረኞች ነበሩ፣ ሰባት ቀን ታስረው ወጡ። ስደተኛ ግን በኬንያ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2021 የስደተኞች አዋጅንም ጨምሮ፣ ከተመደበበት ካምፕ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕክምና፣ ትምህርት፣ የቤተሰብ ጉዳይ ያለው ሰው ካምፑ ካለው የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ቢሮ የጉዞ ወረቀት ይጠይቅ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ኬላው ብዙ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ማደሪያው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ፈቃድ የሌለው ሰውስ ማቀድ አይችልም? ይችላል። እነ ቤኑዚ ገመዱን የገመዱት ካምፕ ውስጥ ሆነው ነው። ቋንቋ መማር፣ ሙያ መያዝ፣ ከምትቀበሉት ጥቂት ማስቀመጥ፣ በር ሲከፈት ወዴት እንደምትሄዱ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ የጉዞ ዝግጅት ነው። ደላላ መጥቶ «ተነሱ» ሲላችሁ ደግሞ እነዚያ አራት ልጆች ወረቀት ላይ የጻፉትን ጠይቁት። መኪናው ምንድን ነው? የት የት እናድራለን? ስንቁ የስንት ቀን ነው? አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት ይመለሳል? የት እንዳለን ለቤተሰባችን ማን ይነግራል? በስንት ሰዓት ነው የምንዞረው? መልስ ከሌለው፣ ያ ጉዞ ሳይሆን ጭነት ነው።

አራቱ ልጆች ሄደው ሲመለሱ ያዩትን በሚቀጥለው ጊዜ እንጽፍላችኋለን። እናንተም በየካምፑ ያላችሁ፣ ስለ መንገድ የምታውቁትንና ለወጣቶቻችን ይጠቅማል የምትሉትን ጽፋችሁ ስጡን፤ እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን፣ በሰላም ያገናኘን።